ጎንደር ቢግ ባንድ ይኑራት፤ በነርሲስ ናልባንድያን ስም ስለሚጠራ የሙዚቃ ክፍል የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጎንደር ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ግልባጭ፦ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በከተማችን ላላችሁ ሙዚቀኞችና ሙዚቃ ወዳጆች በሙሉ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱን ከዚያ አስረዳለሁ።

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰፋ ያለ ክፍል እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን። በአንዱ ግድግዳ በኩል መደርደሪያ ይቁም። የከተማዋ የቆዩ ሙዚቀኞች የጻፏቸው ኖታዎች፣ የቀዷቸው የክር ቴፖችና ካሴቶች፣ ያነሷቸው ፎቶዎች እዚያ ይሰብሰቡ። በቀረው ቦታ ወንበርና የኖታ ማስቀመጫ ይደርደር። ወጣቶች ኖታ ማንበብ ይማሩበት፣ ብዙ ነፊ ያለበትን ትልቅ ባንድ፣ ቢግ ባንድን፣ ይለማመዱበት። ክፍሉም በሙዚቃ አቀናባሪውና መምህሩ በነርሲስ ናልባንድያን ስም ይጠራ።

ነርሲስ ጎንደሬ አይደሉም። የሠሩት አዲስ አበባ ነው። «ታዲያ ጎንደርን ምን አገባት?» የሚል ሰው ቢኖር ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቅ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው ስማቸውን አያውቅም። የሥራቸውን ፍሬ ግን ሳያውቀው ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1915 አይንታብ ተወለዱ፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ጋዚአንቴፕ የምትባለው ከተማ ናት። አርመኖች የሚጨፈጨፉበትና የሚሰደዱበት ጊዜ ነበር። ያደጉት ሶሪያ፣ አሌፖ ነው። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ቀድመዋቸው ወደኛ አገር መጥተዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች ባንድ ሲጫወት ሰሙ። ወደዱት። 40ዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የቀሩት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን እንዘምረው የነበረውን የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

ነርሲስ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1977፣ እዚሁ ኖሩ፤ እዚሁ ሠሩ። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ዛሬ ብሔራዊ በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኛ አሠለጠኑ፣ አቀናበሩ፣ መሩ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መዝሙር የደረሱለት እሳቸው ናቸው።

ይህ የሕይወት ታሪክ ነው፤ አጭርም ይበቃል። እኔን የሚይዘኝ ሥራው ነው።

ቢግ ባንድ ሲባል ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚነፋበት ብቻ እንዳይመስለን። በተለመደው አደረጃጀት 17 ያህል ሰው አለበት። 5 ሳክስፎን፣ 4 ትራምፔት፣ 4 ትሮምቦን፤ ከዚያ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። አምስት ሰው ቢሆን ተደማምጦ፣ ተጠቃቅሶ መጫወት ይችላል። እኛ ሠርግ ላይ የምንሠራው እንደዚያ ነው። 17 ሰው ግን በመጠቃቀስ አይሆንም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ድምፅ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ትራምፔት የት ዝም እንደሚል፣ ባሪቶን ሳክስፎኑ የት እንደሚገባ ወረቀቱ ይናገራል። ታዳሚው ማታ የሚሰማውን አቀናባሪው ቀድሞ በጭንቅላቱ ሰምቶታል።

ነርሲስን የገጠማቸው ችግር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው። የምዕራቡ ሐርመኒ፣ የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ የማዋሐድ ዘዴው፣ የተሠራው በ7 ድምፅ ላይ ነው። አምባሰልን እንውሰድ። ከዶ ብንነሣ የምናገኘው ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። ሚ የለም። የምዕራቡ ሙዚቃ ግን የመጀመሪያ ኮርዱን፣ አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ የሚያቆመው በዶ፣ በሚና በሶል ነው። ሚን ብናስገባው አምባሰሉ ጠፋ። ብንተወው ኮርዱ ጎደለ። አንድ ሰው በማሲንቆ ሲጫወተው ይህ ችግር አይታይም፤ ዜማው ብቻውን ይበቃዋል። 13 ነፊ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እኔ ምን ልንፋ?» ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው። ሁሉም አንድ ዜማ ይንፋ ቢባል ድምፁ ይገዝፋል እንጂ ቢግ ባንድ አይሆንም። ሁሉም የፈረንጅ ኮርድ ይንፋ ቢባል ደግሞ ቅኝቱ ይሞታል።

ይህን መሐል መንገድ ፈልገው፣ በወረቀት ላይ ለኢትዮጵያ ዜማ ከጻፉ ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነርሲስ ናልባንድያን ናቸው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንናፍቀው ሙዚቃ ያደገው በትልልቅ ባንዶች ውስጥ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የቴአትር ቤት። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራን ከኋላው አድርጎ ሲዘፍን ያ የነሐስ ድምፅ ዝም ብሎ አልመጣም። ነፊዎችን ኖታ ያስተማረ፣ ድምፅ ያከፋፈለ፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ነበረ። ዘፋኙን እናውቃለን፤ ስሙ ይክበር። ጻፊውን ግን ረሳን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ክፍል የምጠይቀው ለሱ ነው።

የአሜሪካውን የጃዝ አቀናባሪና የባንድ መሪ፣ ዱክ ኤሊንግተንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1899 ዋሽንግተን ተወለደ። በ1927 ኒው ዮርክ፣ ኮተን ክለብ ገባ። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ከባንዱ ሳይለይ ከሺህ በላይ ሥራ ጻፈ። ለባንዱ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ በወረቀቱ አናት ላይ የመሣሪያውን ሳይሆን የተጫዋቹን ስም ነበር የሚያሰፍረው። ትራምፔት ብሎ አላሰበም፤ ኩቲ ዊሊያምስ ብሎ አሰበ። ስለዚህ የሱ ወረቀት ኖታ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች እንዴት ይነፉ እንደነበር የሚናገር ሰነድ ነው። ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስቡን ተረከበ። 100 ሺህ ገጽ ያህል ያልታተመ ሙዚቃ ነበረበት። ዛሬ ተማሪው፣ ተመራማሪው፣ አቀናባሪው ሄዶ ያየዋል፤ ገልብጦ ይጫወተዋል።

ሽልማት እንኳ እንደ ወረቀት አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1965 ፑሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ለዱክ ልዩ ክብር ይሰጠው ሲሉ ቦርዱ እምቢ አለ። የሰጡት በ1999 ነው፤ ከሞተ 25 ዓመት በኋላ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሥራውን በሕይወት ያቆየው ሜዳልያ አልነበረም። የተጠበቀው ወረቀትና ወረቀቱን የሚያነብ ተጫዋች ነው።

ዱክ እኛም አገር መጥቷል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ጃንሆይም ኒሻን ሰጡት። ያኔ ወጣት የነበሩት ሙላቱ አስታጥቄ አብረውት ነበሩ። ዱክ በዚያው ዓመት ግንቦት 16 ቀን አረፈ። ከሱ በኋላ ሌላ የአሜሪካ ቢግ ባንድ አገራችን መጥቶ እስኪጫወት 30 ዓመት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2004 የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ መጣ፤ ኮንሰርቱም ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 20ኛ ቁጥር ሆኖ ታተመ። ይኸው ባንድ በኋላ የነርሲስን ሥራዎች አንሥቶ ተጫወተ። እሱም የኢትዮፒክስ 32ኛ ቁጥር ሆኖ ወጥቷል፤ «ናልባንድያን ኢትዮጵያዊው» የሚል ርዕስ ሰጥተውታል።

እስኪ አስቡት። ቦስተን ያለ ሳክስፎን ተጫዋች የነርሲስን ሥራ አጥንቶ ይነፋል። ጎንደር ያለ ጎረምሳ ግን፣ ሳክስፎን የሚወድ፣ ትንፋሽ ያለው፣ ጆሮ ያለው ልጅ፣ የሰውየውን ስም አልሰማም። የቦስተኖቹን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። እኛ አለመጫወታችን ግን ያንገበግበኛል።

አሁን «ጎንደርን ምን አገባት?» ወደሚለው ልመለስ።

ጎንደር የአቋቋም፣ የማኅሌት ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚቀርብበት ትምህርት፣ አገር ናት። ድጓውን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አባ በተባሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች የዘለቀ ተማሪ አቋቋም ለመመስከር የሚመጣው ጎንደር በዓታ ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ሁለቱን ረድፍ ያውቃቸዋል። በአንዱ በኩል ቀኝ ጌታ፣ በሌላው በኩል ግራ ጌታ። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ። መረግድ፣ ጽፋት እያለ ይፋጠናል። እልልታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ።

ማኅሌቱ ጃዝ ነው ማለቴ አይደለም። ማኅሌት ፈጣሪ የሚመሰገንበት ሥርዓት ነው፤ በቦታው ይክበር። እኔ የምናገረው ስለ ጆሯችን ነው። ጎንደር ያደገ ልጅ ወገን ከወገን ሲቀባበል ሰምቷል። አንድ ዜማ በእርከን ሲያድግ፣ ዝም ያለው ተራው ሲደርስ ሲገባ ሰምቷል። ቢግ ባንድም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሳክስፎኖቹ ይጠይቃሉ፣ ትራምፔቶቹ ይመልሳሉ፣ ትሮምቦኖቹ ከሥር ይይዛሉ። ይህን ለጎንደር ልጅ ለማስረዳት ረጅም ትምህርት አያስፈልግም።

«ኖታ የፈረንጅ ነው፤ የኛ ሙዚቃ በጆሮ ነው» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ለሱ ድጓውን ይግለጥ እለዋለሁ። ከፊደሉ አናት ላይ በቀጭኑ የተጻፈው የዜማ ምልክት ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት አስይዘውታል ተብሎ ሲነገር የኖረ ነው። አውሮፓ የሚያውቀው ኖታ ከኛ ምልክት በአሠራሩ ይለያል፤ እውነት ነው። ዜማን በጽሕፈት መጠበቅ ግን ከማንም የተዋስነው ነገር አይደለም።

አዝማሪዎቻችንም አሉ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን የአዝማሪ መንደር፣ ቡርቧክስን፣ የሙዚቃ አጥኚዎች ከሩቅ አገር መጥተው ያጠኗታል። ማሲንቆ አንድ አውታር ነው ያለው። አዝማሪው ግን በዚያች አንድ አውታር ድምፁን ያንሸራትታል፣ ይሰብራል፣ ያሾፋል፣ ያለቅሳል። ያንን ጌጥ ለ4 ትራምፔት አከፋፍሎ መጻፍ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ያየነው እኛ ነን። ከባድ ነው፤ ሊሠራ ግን ይችላል። ሊሠራው የሚገባው ደግሞ ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። የነርሲስ ሥራ እዚህ ላይ መንገድ ያሳያል። እሳቸው ከአሌፖ መጥተው የኛን ቅኝት ተምረው ይህን ከሠሩ፣ ቅኝቱ ውስጥ የተወለደ ልጅ ትምህርቱን ቢያገኝ የት ሊደርስ እንደሚችል አስቡ።

የራሳችን ወረቀትም እየጠፋ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ኪነት ነበር፤ ጎንደርም ነበራት። ከነዚያ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ አልፈዋል። ያሉትም አርጅተዋል። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ጋሼ ቤት ሄጄ የድሮ ኖታ አውጥተው አሳዩኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የመጀመሪያው ትራምፔት ድምፅ አለ። የሁለተኛው የለም፣ የሳክስፎኖቹም የለም። ጋሼ ዜማውን አንጎራጎሩልኝ፤ እኔም በሳክስፎን ተከተልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዜማው ሥር ሌሎቹ ምን ይነፉ ነበር ብዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። የጻፈው ሰው ሞቷል። ሌሎቹን ወረቀቶች የያዙት ተጫዋቾችም የሉም። አሥር ሰው የተጫወተው ሙዚቃ አንድ ገጽ ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለ ገጽ በአራዳ፣ በአዘዞ፣ በየሰዉ ሳጥን ውስጥ ስንት አለ? አሁን ካልሰበሰብነው መቼ?

ስለዚህ የምንጠይቀው በልክ ነው። ሕንፃ ሥሩልን አላልንም። ዝናብ የማያስገባ፣ በር ያለው፣ የሚቆለፍ ክፍል ይበቃናል። ሰው ኖታውን ወይም ካሴቱን ያመጣል፤ ይመዘገባል፤ ፎቶ ወይም ስካን ይነሣል፤ ዋናው ለባለቤቱ በደረሰኝ ይመለሳል። መስጠት የሚፈልግ ይስጥ፤ ያልፈለገ አይገደድ። ሽማግሌዎች ንብረታቸውን ለማሳየት የሚፈሩት ወስደው ያልመለሱላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ይህን ፍርሃት የምንሽረው በደረሰኝና በመመለስ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቢያውሰን አመዘጋገቡን እንማራለን። የክር ቴፕና ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚችሉ ልጆች ከተማው ውስጥ አሉ።

ባንዱም በ17 ሰው አይጀመርም። በ9 እንጀምር። 2 ትራምፔት፣ 1 ትሮምቦን፣ 3 ሳክስፎን፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም። ለዚህ ቁጥር ተቀናሽ አድርጎ የሚጽፍ፣ በያሬድ የተማረ አንድ መምህር ያስፈልገናል። ደመወዙ ዋናው ወጪ ነው፤ ይህን አልደብቅም። መሣሪያም ውድ ነው። ነገር ግን በየመጋዘኑ ተጥሎ የቀረ ትራምፔት አለ። ቫልቩ ደርቆ፣ ፓዱ ተበልቶ፣ «አይሠራም» ተብሎ የተረሳ ሳክስፎን አለ። አብዛኛው ይጠገናል። እኛ ሙዚቀኞች በጉልበታችን እንጠግናለን፤ መምሪያው መሣሪያው የት እንዳለ አጣርቶ ደብዳቤ ይጻፍልን።

የነርሲስን ሥራ ስንጫወት በሕግ ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የደራሲውን መብት ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የነርሲስ ገና አላለቀም። ስለዚህ ለወራሾቻቸው በመምሪያው ማኅተም ፈቃድ እንጠይቅ። የጎንደርን የቆዩ አቀናባሪዎች ቤተሰቦችም እንዲሁ። ሥራውን ወስደን ስሙን ብንጥል የምናከብረው ነገር አይኖርም።

ስለ ቱሪዝምም አንድ ነገር ልበል፤ የሥራችሁ ግማሽ ነውና። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ቀን ቀን ባሕረ ጥምቀቱን፣ የፋሲልን ግንብ ያያል። ማታስ ምን ይሰማል? አዝማሪ ቤት ይሄዳል፤ ጥሩ ነው፣ ይሂድ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ግን አንድ ማታ የጎንደር ወጣቶች ቢግ ባንድ ቢጫወትስ? በመጀመሪያ የነርሲስ ሥራ፤ ቀጥሎ ከመደርደሪያው ላይ ተነሥቶ የጎደለው ድምፅ እንደገና የተጻፈለት አንድ የጎንደር ዜማ። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ከባንዱ ፊት ይቁም። ግንቡን በዓለም ቅርስነት ካስመዘገብን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ እንግዳ የምንቀበለው በድንጋዩ ነው። በድምፃችንም መቀበል እንችላለን።

ይህን ደብዳቤ በታተመ መልኩ ቢሯችሁ አስገባለሁ። ቀጠሮ ስጡን። ስንመጣ ለመማር የተዘጋጁ ወጣቶችን ስም ዝርዝር፣ ልንጠግናቸው የምንችላቸውን መሣሪያዎች፣ ኖታና ካሴት አለን ያሉ ሽማግሌዎችን ፈቃድ ይዘን እንመጣለን። የክፍሉን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ፣ መዝገቡን ማን እንደሚፈርም፣ መምህሩ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈለው በዚያው ቀን ተነጋግረን እንወስን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማችሁ ሳክስፎን ተጫዋች
ጎንደር